ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ለምትገዛ ልጄ

ልጄ፣ ቤትሽ ውስጥ ለምታደራጂው ትንሽ ላቦራቶሪ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ልትገዢ ማሰብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። መልቲሜትርና መበየጃ ያለው ሰው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ይኸው ዕቃ ነው። «የትኛውን ብራንድ ልግዛ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አንድ ስም ጠርቼልሽ መገላገል እችል ነበር፤ አሮጌ ዕቃ ላይ ግን ስም ብዙ አይናገርም። አንዱ ሂውሌት ፓካርድ ዕድሜውን ሙሉ በንጹሕ ክፍል ተቀምጦ የኖረ ይሆናል፤ ሌላው ከዚያው ፋብሪካ ወጥቶ ሦስት ጠጋኝ የፈታታው፣ የክዳኑ ብሎን ግማሹ የጠፋ ይሆናል። መደርደሪያ ላይ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ዕቃው ፊት ስትቆሚ ምን እንደምታደርጊ ብነግርሽ ይሻላል።

መጀመሪያ ለምን እንደሚገዛ እንግባባ። ቮልት ብቻ ከፈለግሽ የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ይሰጥሻል፤ የሞተር ብስክሌት ባትሪም 12 ይሰጥሻል። ፓወር ሰፕላይ ከእነዚህ የሚለየው በሁለተኛው ማዞሪያ ነው፤ አምፔሩ ከዚህ አይለፍ ብለሽ በምትወስኚበት። ዛሬ የበየድሽው ቦርድ ላይ ሁለት እግሮች በሊድ ተነካክተው ይሆናል። ባትሪ ብታገናኚበት ያለውን ሁሉ ያፈስበታል፤ ቺፑ ይቃጠላል፣ የቦርዱ መዳብ ከመደቡ ይላቀቃል። ገደቡን 100 ሚሊአምፔር ላይ ያደረግሽው ፓወር ሰፕላይ ግን ቮልቱን ራሱ ያወርድና መብራት አብርቶ ይቆማል፤ ጥፋቱን ፈልገሽ እስክታገኚ ይጠብቅሻል። እኔ ይህን ዕቃ የምመዝነው በመከልከል ችሎታው ነው። ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ሆን ብለሽ ችግር ውስጥ ክተቺው፤ ጨዋነቱ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

«ከተጣለ ኮምፒውተር ፓወሩን አውጥተሽ ብትጠቀሚ በነፃ ነው» የሚልሽ አይጠፋም። እውነት ነው፣ 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት ይሰጣል። ግን 5 ቮልቱ ብዙውን ጊዜ ሃያ አምፔርና ከዚያ በላይ የመልቀቅ አቅም አለው። ሾርት ሲፈጠር ራሱን ያጠፋል ይባላል፤ የአንቺ ቀጭን ሽቦ 8 አምፔር ቢስብ ግን ለእሱ ይህ ተራ ጭነት ነው፣ ዝም ብሎ ይሰጣል። ሽቦው እያየሽው ይቀልጣል። ክዳኑን መክፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ 220 ቮልት ኤሲ በዳዮድ ወደ ዲሲ ሲቀየር 310 ቮልት አካባቢ ይሆናል፣ ያ ቮልት ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ለጀማሪ አልመክረውም፤ ነገሩ በዚሁ ይብቃ።

ስለ መጠን ብዙ አትጨነቂ። 30 ቮልትና 3 አምፔር ለቤት ሥራ ይበቃል። ሁለት መውጫ ያለው ብታገኚ ደግሞ ይመረጣል፤ ኦፕ አምፕ ስትሞክሪ ፖዘቲቭ 15 እና ኔጋቲቭ 15 ቮልት ትፈልጊያለሽ፣ ሁለቱን መውጫዎች በተከታታይ አያይዘሽ ታገኚዋለሽ። ገበያ ላይ የሚበዙት የቻይና ሥራዎች ቁጥራቸው ራሱ ይናገራል፦ 1502 ማለት 15 ቮልት 2 አምፔር ነው፤ 3005 ማለት 30 ቮልት 5 አምፔር። 1502ን በሞባይል ጠጋኞች ጠረጴዛ ላይ ታያታለሽ። እነሱ የአምፔሩን ንባብ እያዩ የስልኩን ሕመም ያውቃሉ፤ የማብሪያው ቁልፍ ሳይነካ አምፔር ከተሳበ ዋናው የባትሪ መስመር ላይ የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው። ለስልክ ትበቃለች። ለአንቺ ግን ታንሳለች፤ ነገ ባለ 24 ቮልት ሞተር ወይም ሪሌ ሲመጣ ሌላ ልትገዢ ነው።

አሠራራቸው ሁለት ዓይነት ነው። ሊኒየር የሚባለው ትልቅ ትራንስፎርመር፣ ዳዮድ፣ ወፍራም ካፓሲተርና ትርፉን ቮልት በሙቀት መልክ የሚያባክን ትራንዚስተር አለው። ስዊቺንግ የሚባለው ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚሠራ ትራንስፎርመሩ ትንሽ፣ ዕቃውም ቀላል ነው። ሊኒየሩ ከባድ ነው፣ ይግላል፤ በምትኩ የሚያወጣው ዲሲ ጸጥ ያለ ነው። የጥሩ ሊኒየር ረብሻ ከአንድ ሚሊቮልት በታች ሊሆን ይችላል፤ ስዊቺንጉ ላይ አሥርና ሃያ ሚሊቮልት ማየት የተለመደ ነው። ሬዲዮ፣ ድምፅ ማጉያና ሴንሰር ለሚነካካ ሰው ሊኒየሩ ይሻላል፤ ያገለገለ ሲገዛ ደግሞ የሚጠገነውም እሱ ነው። ብዙዎቹ አሮጌዎች ውስጣቸው 723 የሚባል አይሲ አለ፣ ፌርቻይልድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጣው፤ ከጎኑ 2ኤን3055 የሚባለው ባለ ብረት ቆብ ትራንዚስተር። ሁለቱም ዛሬም ይገኛሉ። ሐሰተኛ 3055 ግን ሞልቷልና ከዋጋው በታች የሚሸጥልሽን ጠርጥሪ።

ሙቀቱን አስዪው። ውስጡ 35 ቮልት አለ እንበል፤ አንቺ 5 ቮልት በ3 አምፔር ስትወስጂ የተረፈው 30 ቮልት በ3 ተባዝቶ 90 ዋት ይሆንና ትራንዚስተሩ ላይ ይቀራል። አምስት ቮልት ላይ በሙሉ አምፔር ማሠራት ሠላሳ ቮልት ላይ ከማሠራት የባሰ የሚያደክመው ለዚህ ነው። ይህን ለማቃለል ብዙዎቹ በሪሌ አማካይነት የትራንስፎርመሩን ጥቅል ይቀያይራሉ። የቮልቱን ማዞሪያ ቀስ ብለሽ ስታዞሪ ውስጡ «ቀጭ» ሲል የምትሰሚው ይህን ነው፤ ደህንነት ነው፣ አትደንግጪ።

አሁን ዕቃው ከየት ይመጣል ወደሚለው እንሂድ። ከዋሽንግተን አካባቢ የሚመጣ ዘመድ «ሻንጣዬ ውስጥ ልክተትልሽ» ካለሽ ዕድለኛ ነሽ፤ አሜሪካ ውስጥ ጥሩ ጥሩ የላቦራቶሪ ዕቃ በሁለተኛ እጅ ይገኛል። የሂውሌት ፓካርድ (ኤችፒ) የመለኪያ ዕቃ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1999 አጂለንት፣ በ2014 ደግሞ ኪሳይት ተብሏል፤ ስለዚህ አንዱን ሞዴል በሦስት ስም ብታገኚው አትገረሚ። ኢ3631ኤ የሚባለው ሦስት መውጫ አለው፦ 6 ቮልት 5 አምፔር፣ ፖዘቲቭ 25 ቮልት 1 አምፔር፣ ኔጋቲቭ 25 ቮልት 1 አምፔር። ሊኒየር ነው፤ ክብደቱ 8 ኪሎ ያህል ስለሆነ የዘመድሽን 23 ኪሎ ሻንጣ ሲሶውን ይወስዳል። ቀድመሽ ንገሪው፣ በኋላ ኤርፖርት ላይ እንዳያዝንብሽ።

ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። እዚያ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፤ እዚህ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ቮልቱን ሰው ሁሉ ያስታውሳል፣ ኸርዙን ይረሳል። የዕቃውን ጀርባ አዙረሽ ሰሌዳውን አንብቢ። ከ47 እስከ 63 ኸርዝ፣ ወይም 50 እና 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ደግ ነው። 60 ብቻ ካለ ተጠንቀቂ። ለ60 ልክ የተሠራ ትራንስፎርመር በዚያው ቮልት 50 ኸርዝ ላይ ሲሠራ ብረቱ የሚሸከመው ማግኔታዊ ፍሰት በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ብረቱ ከጠገበ በኋላ አምፔሩ ያለ ሥራ ይወጣል፣ ትራንስፎርመሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ አንድ ቀን ይሸታል። «ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ እሰካዋለሁ» ብትዪ ቮልቱን አስተካከልሽ እንጂ ኸርዙ እዚያው 50 ነው።

የቮልት መቀየሪያው አንዳንዱ ላይ ከጀርባ ይገኛል፤ አንዳንዱ ላይ ክዳን ተከፍቶ ቦርዱ ላይ ነው። በኤችፒዎቹ የትዕዛዝ ዝርዝር 0ኢ3 ማለት ለ230 ቮልት የተዘጋጀ፣ 0ኢኤም ማለት ለ115 የተዘጋጀ ነው። ሲቀየር ፊውዙም አብሮ ይቀየራል፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ከግድግዳ የሚሳበው አምፔር በግማሽ ስለሚቀንስ ለ115 የነበረው 2 አምፔር ፊውዝ ለ230 1 አምፔር ይሆናል። ይህን የሚያደርግ ጥቂት ሰው ነው።

ፊውዝ ካነሳሁ አይቀር፣ አንቺ ራስሽ አውጥተሽ እዪው። የመያዣውን ክዳን በጠፍጣፋ መፍቻ ትንሽ ገፋ አድርገሽ ስታዞሪው መስታወቱ ይወጣል። ከውስጡ ክር የታየ እንደሆነ ጥሩ። መስታወቱ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ፣ ወይም ከሲጋራ ፓኬት የወጣ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎበት ካገኘሽ ግን ታሪኩን አወቅሽ፤ ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ለምን እንደተቃጠለ ግን የጠየቀ የለም። እኔ ሁለቱንም አይነት አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሻጩ ፊት አትሰኪ፤ ተመልሶ ቢፈነዳ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ትባያለሽ።

ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምናለሽ ተራም ሂጂ፣ ከመሥሪያ ቤት ጨረታም ይምጣ፣ ይዘሽ የምትሄጂው ሦስት ነገር ነው፦ መልቲሜትር፣ የ12 ቮልት 21 ዋት የመኪና ፍሬን አምፖል፣ አንድ አጭር ወፍራም ሽቦ። ሻጩ «ይሠራል፣ ሞክሬዋለሁ» ይልሻል። ሞከርኩት የሚለው ማሳያው ሲበራ ማየቱን ነው።

ሳትሰኪ አሽትቺው፤ አፍንጫሽን ወደ አየር መግቢያው ቀዳዳ አስጠጊ። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሽታ ከአቧራ ሽታ ይለያል፣ ቶሎም አይለቅም። ከዚያ ሁለቱንም ማዞሪያ እስከ መጨረሻ ወደ ግራ መልሺና አብሪው። መልቲሜትሩ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ማሳየት አለበት። ማዞሪያው ዜሮ ላይ ሆኖ 35 ወይም 40 ቮልት ካየሽ፣ ማዞሪያውም ምንም ካልለወጠው፣ ዋናው ትራንዚስተር ውስጡ ተገናኝቶ የቀረ ሊሆን ይችላል። ይጠገናል፤ የምትከፍዪው ግን የሚሠራ ዕቃ ዋጋ መሆን የለበትም።

ዜሮ ካሳየ አምፔሩን ትንሽ ክፈቺና ቮልቱን ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ውሰጂው። ቁጥሩ ሳይዘል መውጣት አለበት። ከ7 ወደ 19 ዘሎ ተመልሶ 7 ከሆነ የማዞሪያው ውስጥ ተበልቷል ወይም ቆሽሿል። ርካሽ ጥገና ነው፤ ሳይጠገን ግን እንዳትጠቀሚበት፣ ባለ 5 ቮልት ቺፕ ለቅጽበትም ቢሆን 19 ከቀመሰ አለቀለት። የማሳያውን ቁጥርና የመልቲሜትሩን ቁጥር አስተያዪ፤ ጥቂት ልዩነት አያሳስብም።

አሁን ችግር ውስጥ ክተቺው ያልኩሽ ቦታ ደረስን። ቮልቱን 12 ላይ፣ አምፔሩን ዝቅ አድርገሽ ቀዩንና ጥቁሩን መውጫ በወፍራሙ ሽቦ አገናኚ። ሻጩ ሊጮህብሽ ይችላል። «ለዚሁ ነው የተሠራው» በዪው። የቮልቱ ቁጥር ወደ ዜሮ መውረድ፣ የአምፔሩ ባስቀመጥሽበት ቆሞ መቅረት፣ ሲቪ (ቮልቱን ይዣለሁ) የሚለው መብራት ጠፍቶ ሲሲ (አምፔሩን ገድቤያለሁ) የሚለው በርቶ መታየት አለበት። የአምፔሩን ማዞሪያ ቀስ ብለሽ ጨምሪ፤ ቁጥሩ እየተከተለሽ ይውጣ። ሽቦውን ስታነሺ 12 ቮልቱ ሳያንገራግር ይመለስ። ይህን ያደረገ ዕቃ፣ ቀለሙ የተላላጠ ቢሆን፣ ማዞሪያው ኦሪጂናል ባይሆን፣ ከግማሽ በላይ ተገዝቷል በዪ። አምፔሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ሪሌው ያለማቋረጥ ከተንጣጣ፣ ወይም ገደቡ ጨርሶ ካልያዘ አመስግነሽ ውጪ። ቮልት የሚሰጥ አምፔር የማይከለክል ፓወር ሰፕላይ የምትገዢበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ አምፔሩን ከ2 በላይ ከፍተሽ አምፖሉን አገናኚ። 12 ቮልት ላይ 1.75 አምፔር ያህል ይስባል። ክሩ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው በጣም ትንሽ ስለሆነ ሲነሳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል፤ ጥሩ ዕቃ ለቅጽበት ሲሲ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ሩብ ሰዓት ያህል ይብራ። ሻጩ ከተጣደፈ ሻይ ጋብዢው። በዚያ መሃል መልቲሜትሩን ኤሲ ሚሊቮልት ላይ አድርገሽ መውጫውን ለኪ፤ ሊኒየሩ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ማሳየት አለበት። መቶዎች ካሳየ፣ ቮልቱም ጭነት ሲያገኝ ከወረደ፣ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ደክመዋል። አሮጌ ዕቃ ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ካፓሲተር ይቀየራል፣ ዋጋውን ከሒሳቡ ቀንሺ። የጀርባውን የሙቀት ማስለቀቂያ በእጅሽ ዳስሺ፣ ማራገቢያ ካለው መዞሩን እዪ።

እንከን ሁሉ እኩል አይደለም። አንድ ምሥጢር ልንገርሽ፤ በአንዳንድ የድሮ ኤችፒዎች ጀርባ ላይ ብሎኖች የተደረደሩበት ሰሌዳ አለ፣ በብሎኖቹ መሃል ትንንሽ የብረት ድልድዮች። በእነሱ በኩል ነው ዕቃው የራሱን መውጫ ቮልት እየለካ የሚያስተካክለው። አንዱ ድልድይ ከጠፋ መውጫው ትርጉም ያጣል፤ ባለቤቱም «ተበላሽቷል» ብሎ ለቆራሌው ይሰጠዋል። መመሪያውን አውጥተሽ ድልድዩን በቁራጭ ሽቦ ስትተኪ ይነሳል። ኪሳይት የብዙ አሮጌ ሞዴሎችን መመሪያ በነፃ ያስቀምጣል፤ የኤችፒ የድሮ መመሪያ ደግሞ ሙሉ የሰርኪት ሥዕል፣ የዕቃ ዝርዝርና የብልሽት መፈለጊያ ቅደም ተከተል አለው። ለአንድ ተማሪ ይህ ከዕቃው ያላነሰ ዋጋ አለው። የተሰበረ መውጫ፣ የሚንኮሻኮሽ ማዞሪያ፣ የጠፋ የማሳያ መብራት፣ የተቆረጠ ገመድ፦ እነዚህ መደራደሪያ ናቸው፣ ደስ እያለሽ ተደራደሪባቸው። የተቃጠለ ወይም በእጅ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ያለው፣ ፕሮሰሰሩ የሞተና ማሳያው ትርጉም የሌለው ነገር የሚጽፍ፣ ቦርዱ ላይ አይሲ ከተነቀለበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ የሚታይ፦ እነዚህን በነፃም አትውሰጂ፤ የቤትሽን ቦታ ይይዙብሻል።

ገዝተሽ ቤት ስትገቢ ሁለት ልማድ ያዢ። የመጀመሪያው፣ የአምፔር ገደቡን አስቀምጫለሁ ብለሽ ቮልቱን አትርሺ። መውጫው ላይ ካፓሲተር አለ፤ 470 ማይክሮፋራድ በ30 ቮልት የተሞላ ከሆነ ገደቡ 20 ሚሊአምፔር ላይ ቢሆንም ኤልኢዲ ስትነኪበት የተጠራቀመውን በአንዴ ይለቅበታል። ገደቡ የሚቆጣጠረው ከካፓሲተሩ ኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ ቮልቱን አውርደሽ አገናኚ፣ ከዚያ ከፍ አድርጊ። ሁለተኛው፣ ዕቃውን ካበራሽ በኋላ ሰርኪትሽን አገናኚ፤ ከማጥፋትሽ በፊት ደግሞ ንቀዪው። አንዳንድ አሮጌዎች ሲበሩና ሲጠፉ ቮልቱ ለአፍታ ይዘላል፣ ያንን ዝላይ መልቲሜትር ላያሳይሽ ይችላል። ለእኛ ሰፈር ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ባለ ማዞሪያው ዕቃ ማንንም ሳይጠይቅ በነበረበት ቮልት ይነሳል፤ እንደ ኢ3631ኤ ያለው መውጫውን ዘግቶ ነው የሚነሳው። ባለ ማዞሪያ ካለሽ መብራት በሄደ ቁጥር ማብሪያውን አጥፊ።

ሦስተኛውን የሶኬት እግር፣ የግራውንዱን፣ ደግሞ እንዳትቆርጪ። አረንጓዴው መውጫ ከብረት ሳጥኑና ከግራውንድ ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው እንጂ ግራውንድ አይደለም፤ ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። የቤታችሁ ሶኬት ግራውንድ ይኑረው አይኑረው በኤሌክትሪሺያን አስፈትሺ፤ ዲቫይደሩ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ግራውንድ አለ ማለት አይደለም።

አንድ ዕቃ አይተሽ ልብሽ ከወደደው ሻጩን «ነገ እመለሳለሁ» በዪና የጀርባውን ሰሌዳና የፊውዙን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ማታ ማታ ቤት ነኝ፣ አይቼ እደውልልሻለሁ።